አጭር መርፌ፣ ረጅም መርፌ

የያዙኝ ካኮ ገበያ ላይ ነው። ከማሽላ ዛላ የለቀምኳቸውን ትኋን መሰል ነፍሳት በጠርሙስ ይዤ ለገበሬዎች እያሳየሁ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ጠርሙሱንም እኔንም ጂንካ ፖሊስ ጣቢያ አደረሱን። ጥፋቴ፣ የተባይ መድኃኒት እንዳይረጭ ገበሬውን በመንግሥት ላይ ማነሳሳት ነው ተባልኩ።

የታሰርኩበት ክፍል አራት እርምጃ በአምስት ነው። ወለሉ ላይ የማሽላ አገዳ ተነጥፎበታል። ስድስት ነበርን። አጠገቤ የሚተኙት፣ በመሬት ጉዳይ አቤቱታ አስተባብረዋል ተብለው የታሰሩ የአሪ ገበሬ ነበሩ። አባባ እላቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠርቶ የተጻፈ ቃል ሰጠኝ።

«ፈርምና ቤትህ ግባ።»

«ተባይ እህል አይጎዳም ብዬ አስተምሬአለሁ» ይላል ወረቀቱ። እኔ እንደዚያ አላልኩም። እስከ ነገ አስብበት ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ለአባባ ነገርኳቸው።

«ለትኋን ብለህ ልትታሰር?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ።

«ሁሉም አንድ አይደሉም፣ አባባ።»

«ማሽላዬ ላይ ሳያቸው አንድ ናቸው።»

የተነጠፈውን አገዳ ፈትሼ ከእነዚያው ነፍሳት ሁለት አገኘሁ። በበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ገልብጬ አሳየኋቸው። የአንዷ መርፌ፣ ወግታ የምትመጥበት አፏ፣ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሆዷ ሥር ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። ይህች ፍሬ መጣጭ ናት። የሌላዋ አጭርና ወፍራም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሁለቱንም ኩባያ ውስጥ ጨመርኳቸው። ብዙ ሳይቆይ ባለ አጭር መርፌዋ ሌላይቱን ከአንገቷ ሥር ወጋቻት፤ እስክትደርቅ ድረስም አልለቀቀቻትም።

«እዚህ እኛን የምትነክሰንስ ትኋን?» አለ ጥግ የተቀመጠው ሹፌር። «እሷንም አትርጩ ልትለን ነው?»

«ወገናቸው ናት። እሷን ግን ርጩ።»

አባባ ኩባያውን አንስተው ደጋግመው አዩ።

«ስንረጭ የኖርነው ጠባቂያችንንም ነው ማለት ነው» አሉ። ኩባያውን መልሰውልኝም፣ «እዚያ ወረቀት ላይ እንዳትፈርም» አሉኝ።

በማግስቱ መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ ከላዩ ጻፍኩ፦ «ፍሬ መጣጩ ይጎዳል። አዳኙ እሱን ይበላል። ሳትለዩ አትርጩ ብያለሁ።» ከሥሩ ፈረምኩ።

«ይሄ እዚሁ ያስቀርሃል» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጨምሬ ያለ ክስ ወጣሁ።

ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ነፍሳትን መለየት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያወቅኩት እየገለበጥኩ በማየት ነው። ያ ወረቀት ዛሬም መዝገብ ቤት ካለ፣ ስሜ የሚገኘው ከእውነተኛ ቃል ሥር ነው።