የጎረቤቴ የደራሲዋ ቀኝ እጅ

ከቆርቆሮው ውስጥ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ታነሣለች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ወደ ሳህኑ ልትወስዳት ስትሞክር ቁልፏ ታመልጥና ጠረጴዛው ላይ ትሽከረከራለች። ሳትቆጣ እንደገና ትጀምራለች። ትልልቆቹ የካፖርት ቁልፎች እሺ ይሏታል። የሕፃን ልብስ ቁልፎች ግን፣ እነዚያ ስስና ለስላሳዎቹ፣ አሻፈረኝ ይላሉ።

ቁልፎቹ የእኔ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቴ ከእሷና ከባሏ ቤት ፊት ለፊት ነው። የሐኪም ቤቷ ባለሙያ «ጣቶችሽ በየቀኑ ጥቃቅን ነገር ይልቀሙ» ስላለቻት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ያጠራቀምኩበትን ቆርቆሮ ይዤላት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ እሷ ቁልፍ ትለቅማለች፣ እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። ብዙም አናወራም።

ሰፈሩ «ደራሲዋ» ይላታል። መጀመሪያ ለሹፈት ነበር፤ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። ድሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች፤ ፈተና ትተይባለች፣ ማኅተም ትመታለች። የመጀመሪያ መጽሐፏን በምሳ ሰዓት ቢሮዋ ተቀምጣ ጻፈችው። ሁለተኛው ሲወጣ ሥራዋን ለቀቀች። ያኔ ያልተባለ የለም። «ወሬ ይበላል እንዴ?» አሏት። ወንድሟ መጥቶ፣ «ቤት ቁጭ ብሎ በመጻፍና ሥራ ፈትቶ ቁጭ በማለት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «አንደኛው ወገብ ያሳምማል» አለችው።

እንደ እውነቱ ከሆነ ኑሮው ቀላል አልነበረም። መጽሐፍ በየዓመቱ አይወለድም። በመሃል ለሬዲዮ የልጆች ተረት ትጽፋለች፣ ለመጽሔት አጭር ታሪክ ትሰጣለች፣ ጡረታ ለሚወጣ ሰው የመሸኛ ንግግር ታዘጋጃለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ቀልድ አያጣም። «እኛ ቤት ሽንኩርት የሚገዛው በተረት ነው፤ ኪራይ የሚከፈለው በልብ ወለድ» ይላል።

ሥራዋን ታከብር ነበር። ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ይዛ በፊት ለፊቱ በር ትወጣለች። ቤቱን ዞራ በጓሮ በኩል ወደ ኋለኛዋ ክፍል ትገባለች። ባሏ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ትራንስፖርት አላስቸገረሽም?» ይላታል። እኔ አንድ ቀን በውስጥ በር ለምን እንደማትገባ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ በውስጥ ከሄድኩ ያልታጠበው ሳህን ይጠራኛል» አለችኝ።

ሦስተኛው መጽሐፏ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ አንድ ማለዳ እዚያችው ክፍል ውስጥ ብዕሩ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል እሷም ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሯ ቶሎ ዳነላት፤ አንደበቷንም አልነካባትም፤ ቀኝ እጇ ግን ዛለ። ኮምፒውተሩን ሐኪሙ ለጊዜው ከለከላት፣ ብርሃኑ ራሷን ያዞራታል። አሳታሚው ደግሞ መጽሐፉን በጋዜጣ አስነግሮ ጨርሷል። ሰውየው ደግ ነው፣ አንድ ጊዜ ቀን አራዘመላት፤ ሁለተኛ ግን እንደማይችል ነገራት። ግማሽ መጽሐፍ ደግሞ እንደ ግማሽ ዳቦ አይደለም፣ አይሸጥም።

«እትዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ካላለቀ ከእንግዲህ ደራሲ አይደለሁም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሣ። ክሬን በጥርሴ በጠስኩ።

ያን ጊዜ ነው ባሏ፣ «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስንቱን ሕዝብ ጭኜ ሳላጋጭ የኖርኩ ሰውዬ አንድ ብዕር ያቅተኛል?» ያላት። ጽሕፈቱ መቼም ያምራል፣ ፊደሎቹ ወንበር ላይ የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ይመስላሉ። ጠዋት ጠዋት እሷ ዓይኗን ጨፍና ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። መልሶ አያነብላትም፣ እሷም አትጠይቅም። የራሷን ቃል ትኩሱን መስማት አትወድም፤ ጥቂት ሰንብቶ፣ በሌላ ሰው አፍ ነው የምትፈልገው።

ስለዚህ ገጹ ሲከማች እንዳነብላት እኔን ለመነችኝ። ጮክ ብዬ ማንበብ አፍራለሁ፣ ቶሎም አይሆንልኝ። ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። ታሪኩ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሴት ነው። ትታመማለች፤ ባሏ ታማ ተኝታ ሳለች ጥሏት ይሄዳል፤ ብቻዋን ልጆቿን ታሳድጋለች። ደራሲዋ ይህን ያሰበችው ራሷ ከመታመሟ ከብዙ ጊዜ በፊት ነው። የደራሲዋ ባል፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ቤት ዕቃ ያጥብ ነበር። እኔም እየተንተባተብኩ ባልየው ሻንጣውን ይዞ በሩ ጋ ከቆመበት ደረስኩ።

«"ሻንጣውን አስቀመጠና፣ ራትሽን በልተሻል ወይ? አላት"» ብዬ አነበብኩ።

«ይቆዩ እትዬ። ማን ነው ያላት?»

«ባሏ።»

«ባሏ እኮ ጥሏት ሄዷል!»

መነጽሬን አስተካከልኩ። «አይ ልጄ፣ እዚህ አለ። እንዲያውም ውሃ እያሞቀላት ነው።»

ወጥ ቤት ውስጥ የዕቃው ድምፅ ቀጥ አለ። እሷ ወደዚያ ዞራ፣ «አንተ! ና እስቲ ወዲህ!» አለችው።

እጁን በፎጣ እያደረቀ መጣ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ የዚያን ዕለት ግን በሩን የሚሞላ አልመሰለኝም።

«ሰውየውን ማን መልስ አለህ?»

«ልጽፈው ነበር» አላት። «ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። "ወጣ" ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ።»

«እጅህ እምቢ አለ? እምቢ ያለው እጅ የእኔ ነው! መኪናዋ የእኔ፣ መንገዱ የእኔ፣ አንተ መሪውን ታዞርብኛለህ?»

«ቆይ ስሚኝ...»

«ከየት ጀምሮ ነው ያዞርከው?»

አንገቱን ደፋ። «ባልየው ከገባበት ጀምሮ። አንቺ "ሰክሮ ገባ" አልሽኝ፣ እኔ ጋ ግን መስከርም አልሰከረ።»

ሳቄ መጣና በስፌት ጨርቄ አፌን ሸፈንኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። እሱም ፎጣውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰፈሩን አታውቂውም? ሲያነቡት "ይሄ ሾፌሩ ነው" ነው የሚሉት። ማን እንደሚያለብስሽ፣ ፀጉርሽን ማን እንደሚያበጥርልሽ መጽሐፉ ላይ የለም። እዚያ ያለው ጥሎ የሄደው ነው። ያንን ደግሞ በገዛ እጄ ልጽፈው! በራሴ ላይ ፈርሜ እንደ መስጠት ነው እኮ።»

እንዳዘነችለት ፊቷ ላይ አየሁ። ገጾቹንም አየቻቸው፤ የስንት ጠዋት ድካም፣ ቆንጆ ጽሕፈት፣ ሁሉም የማይሆን።

እኔ ለማጽናናት ብዬ፣ «ልጄ፣ የተበላሸ ስፌት እኮ ይተረተራል» አልኳት።

«ልብስ ሲተረተር ጨርቁ ይተርፋል፣ እትዬ። እኔ የሚተርፈኝ ጊዜ የለም።»

በዚያው ሰሞን የድሮ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ሰው ልካላት ነበር። ሥራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ለተማሪ መጽሐፍ መስጠትና መቀበል ነው፣ ለዚያ ግራ እጅ ይበቃል። ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ አለው። ካልፈለገችው ግን ለሌላ ሰው ስለሚሰጥ፣ ሰኞ ከምሳ በፊት ራሷ መጥታ እንድትፈርም ነው የተነገራት። እስከዚያ ቀን መልስ አልሰጠችም ነበር። አሁን፣ «እሄዳለሁ» አለች። ሾፌሩ ደስም አላለው፣ አልተቃወመምም። የጻፋቸውን ገጾች ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተ።

ሰኞ ጠዋት ላለብሳት ሄድኩ። የሰማያዊ ጃኬቷን ቁልፎች ቆለፍኩላት፣ አንገትጌዋን አቃናሁ። የምስክር ወረቀቶቿ በላስቲክ አቃፊ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ሾፌሩ ጫማዋን ቦርሾ፣ ታክሲ ጠርቶ፣ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሦስታችንም ታክሲውን መጠበቅ ጀመርን።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ጠይቅ።»

«ያ ሰውዬ... ጥሏት ሲወጣ በየት በኩል ነው የሄደው?»

«አሁን ይሄ ምን ያደርግልሃል?»

«እንጃ። ሾፌር አይደለሁ? መንገዱን ሳላውቅ አይነዳልኝም። ያን ዕለትም ሰውየው በሩ ላይ የቀረብኝ ለዚያ ይሆናል።»

እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። «በገበያው በኩል አይሄድም» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ያየዋል።»

«በድልድዩ ነዋ።»

«በድልድዩም አይደለም። መጀመሪያ ጥግ ድረስ ይሄድና ይመለሳል።»

«ይመለሳል?» ፊቱ በራ።

«መስኮቱ ሥር ይቆማል። ስታስል ይሰማታል። ከዚያ ነው የሚሄደው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ያቺ ሴት አልጋዋ ላይ ሆና ስታስል የሰማሁ መሰለኝ። ሾፌሩ ተነሣ፣ ከመሳቢያው ንጹሕ ወረቀትና ብዕር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አቃፊውን ወደ ጎን ገፋው።

«በይ ተናገሪ። እንዳለ እጽፈዋለሁ። ሰፈሩ ያለውን ይበል።»

«አይ» አለችው።

«እምልልሻለሁ፣ አንዲት ቃል አልነካም!»

«አውቃለሁ። ግን ይሄን አንተ አትጽፈውም» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «አንተ መጻፍ የለብህም።»

ብዕሩን በግራ እጇ አነሣች። አያያዙ ጠፍቷት ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠችው። የመጀመሪያው ፊደል አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የጻፈው ይመስላል፣ ትልቅና ጠማማ። ወረቀቱ እየተንሸራተተ አስቸገራት። እሱ ዝቅ ብሎ ሰፊ መዳፉን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጫነላት፤ የምትጽፈውን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ውጭ ታክሲው ክላክስ ነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ ነፋ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁና ለባለታክሲው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ ገብታለች» አልኩት። እያጉረመረመ መኪናውን አዞረ።

ስመለስ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ አንድ መስመር እንኳ አልሞላችም። የጃኬቷን ቁልፍ ልፈታላት ብዬ ተጠጋሁ፤ አላየችኝም፣ ተውኳት። ዳይሬክተሯ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጠብቃት ነበር አሉ። እሷ ግን ያን ዕለትም፣ በማግስቱም አልሄደችም።