ሰማይ ላይ የፈረሰው ገበያ

የሥራ ባልደረቦቿ «አፈ ጮሌ» ይሏታል። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ናት፤ ዕድሜዋን የፈጀችው ድንግዝግዝ ባለ የራዳር ክፍል ውስጥ፣ አብራሪዎችን «ውረድ፣ ቆይ፣ ወደ ግራ ዙር» ስትል ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ ድምፅዋ ተዘግቶ ይገኛል። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ «ዛሬም ከሰማይ ጋር ስትጨቃጨቂ ዋልሽ?» እያለ ሻይ ያቀርብላታል።

ጭቅጭቅስ ነበር። ለማረፍ የሚወርዱትና ተነስተው የሚወጡት አውሮፕላኖች መንገዳቸው አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ያንን ቦታ «ገበያው» ይሉታል። እዚያ አውሮፕላን ከአውሮፕላን የሚለየው የእሷ አንደበት ብቻ ነው። አፍ ደግሞ አንድ ነው፤ አውሮፕላን ሲበዛ የመናገሪያ ፋታ ይጠፋል፣ ተራ ያልደረሳቸው ሩቅ ሆነው ይዞራሉ።

አንድ ቀን የአየር መስመሮችን የሚነድፈው ከሲታ ሰውዬ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ገበያውን ላፈርሰው ነው» አላት ፈራ ተባ እያለ።

«በእርሳስህ ነው የምታፈርሰው?»

«የሚወጡት ያን ቦታ እስኪያልፉ ከታች ይቆያሉ፣ የሚወርዱት ደግሞ ከላይ ያልፋሉ። አብራሪው መንገዱንም ከፍታውንም አስቀድሞ ያውቀዋል። አንቺ የምትናገሪው አንድ ነገር ሲጎድል ብቻ ይሆናል።»

«እኔ ዝም ብዬ? ሞቼ ነዋ!» ብላ ሳቀችበት።

ሰውዬው አልተቀየማትም። በረራዎች በኮምፒውተር ተመስለው የሚሞከሩበት መለማመጃ ክፍል አስገብቶ፣ «በይ አበላሺው» አላት። እሷም አልማረችው፤ አንዱ መታጠፊያ ለፈጣን አውሮፕላን እንደሚጠብ አሳየችው። እሱም አሰፋው። ከወራት በኋላ አዲሱ መስመር ሥራ ላይ ዋለ።

አንድ ከሰዓት፣ ሰማዩ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ማይክሮፎኗ ድንገት ዝም አለ። ተናገረች፤ መልስ የለም። ክው አለች። አንዱ እየወጣ ነው፣ ሌላው እየወረደ ነው፣ ሁለቱም ወደ ድሮው ገበያ እየገሰገሱ። እጇ የመጠባበቂያውን ሬዲዮ ሲፈልግ ዓይኗ ከራዳሩ አልተነቀለም።

የሚወጣው ከፍታውን ጠብቆ ከታች ሾልኮ አለፈ። የሚወርደው ከበላዩ ተሻገረ። ከኋላ ያሉትም ክር ላይ እንደተሰኩ ዶቃዎች ተራ በተራ ተከተሉ። ማንም ምንም አላላቸውም። አፏን እንደከፈተች ቀረች።

መጠባበቂያው ሲከፈት የሰማችው የመጀመሪያ ድምፅ፣ «ደህና ዋላችሁ?» የሚል የአንድ አብራሪ ሰላምታ ነበር። እሱ እቴ፣ ምን እንደተፈጠረ የት አውቆ!

ፈረቃዋን ስትጨርስ ነዳፊውን ግቢው ውስጥ ዳቦ ሲገምጥ አገኘችው። የሆነውን ነገረችውና ቀና አለች። ሰማዩ ልሙጥ ነው፤ መስመር የለ፣ ምልክት የለ። አንድ አውሮፕላን ብቻ ጭልጭል ይላል።

«የታለ ታዲያ መንገዱ?»

«አይታይም እኮ።»

«ወይ ጉድ!» አለች በሹክሹክታ። ያን ሁሉ ዓመት ስትሠራበት፣ ሰማዩን እንዲህ ቆማ አይታው አታውቅም። ከዳቦው ቆርሶ ሰጣት፤ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትመልስ ተቀበለችው።