ያለ ቅቤ የታረስሁበት ሰሞን

በጣልያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት ዋሻ ውስጥ ነው። ቤታችን ተቃጥሏል፣ ከብቶቻችን ተነድተዋል፣ ባሌም ከአርበኞቹ ጋር ዱር ገብቷል። ዋሻው ውስጥ የቀረነው ሦስት ሴቶች ነበርን፤ እኔ፣ አማቴ፣ እና ከመርጡለ ማርያም በኩል ሸሽተው የመጡ አንዲት መነኩሲት። እማሆይ እንላቸው ነበር።

አውሮፕላኑ ጭስ ባየበት ቦምብ ስለሚጥል እሳት አናነድም። የያዝነው ከመሸሻችን በፊት ተቆልቶ የተዘጋጀ እህል ነበር፤ በሶ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ባቄላ። ከዚያ ላይ ትንሽ አብሽ፣ ጨውና በርበሬ፣ አንድ ቅል ማር።

እኔ ደግሞ ቅቤ በሞላበት ቤት ያደግሁ ነኝ። ጾም ሲገባ ሽሮና ክክ እያፈራረቅሁ፣ የፋሲካን ቀን እየቆጠርሁ ነበር የምገፋው። የጾም ምግብ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ዋሻ ውስጥም በሶውን በውኃ በጥብጬ እውጥና ከሰው ጋር ሳልነጋገር እውላለሁ።

ከወለድሁ ሦስተኛው ቀን ቢሆንም ወተቴ አልመጣም። ልጁ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይጠባል። በኋላማ ድምፁ እየሰለለ መጣ። እኔም ፈራሁ። አማቴ፣ አራስ ቅቤ ካልበላች ወተት ከየት ይመጣል ብለው ጉንደ ወይን አጠገብ ካለችው እህታቸው ቤት ቅቤ ላመጣ እሄዳለሁ አሉ። መንገዱ በጣልያን ምሽግ ሥር ያልፋል። እባክዎ ይቅርብን ብዬ ለመንኋቸው። እማሆይም አብሽ ስላለን ጥቂት እንዲታገሡ ነገሯቸው።

አማቴ ተቆጡ። "እማሆይ፣ እርስዎ ጸሎትዎን ያድርሱ። ስለ ጡት ምን ያውቃሉ?"

"ከመመንኮሴ በፊት አምስት ልጅ አጥብቻለሁ" አሉ እማሆይ። "ሁለቱን ያለ ቅቤ ነው።"

አማቴ አልሰሟቸውም። ሲነጋጋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እማሆይ አብሹን በሁለት ድንጋይ መሃል አልመው በውኃ ዘፈዘፉት። መራራውን ውኃ ደጋግመው አፈሰሱና ነጭ አረፋ እስኪሆን በእጃቸው መቱት። ከማር ጋር ጠጣሁት። ቀኑን ሙሉ እሱን ይመታሉ፣ እኔ እጠጣለሁ። በመሃሉ ደግሞ ሌላ ሌላውን ያቀርባሉ። ኑጉን ወቅጠው ከበሶው ጋር ለወሱት፤ በራሱ ዘይት ወዛ። ሱፉን ወቅጠው በውኃ አሽተው በነጠላ ሲያጠሉት ወተት የመሰለ ነገር ወጣው። የተቆላውን ባቄላ ዘፍዝፈው፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው አሹቅ አደረጉት። ተልባውን በጠበጡት። አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ አንዱም እሳት አልፈለገም። እንዲህ ቀላል መሆኑ አናደደኝ። ያን ሁሉ ዘመን ምድጃ ሥር ዓይኔን ያጠፋሁት ለምን ነበር?

ይህን ሁሉ ከየት እንደተማሩ ጠየቅኋቸው። በገዳም ዓመቱን ሙሉ ያለ ቅቤ ስለሚኖር፣ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ እየበላ አይዘልቅም ብለው መለሱልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጡቴ ከበደኝ። ልጁ ጠባ፣ ዋጠ፣ ተኛ። አለቀስሁ። ወዲያው ደግሞ የአማቴ ነገር አስጨነቀኝ፤ ከእንግዲህ ለማይፈለግ ቅቤ ነው በምሽግ ሥር የሚሄዱት።

በአራተኛው ቀን አማቴ መጡ። እግራቸው ደምቷል። በኮባ የተጠቀለለች እፍኝ የማትሞላ ቅቤ ይዘዋል። ልጁ አገጩ ላይ ወተት እንደፈሰሰ ተኝቶ አዩት።

"መቼ መጣ?" አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር፤ አልሆነልኝም። እርስዎ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ነው አልኋቸው።

ተቀመጡ። ቅቤውን ፈትተው ትክ ብለው አዩት። ይወረውሩታል ብዬ ነበር። ተነሥተው እማሆይ አጠገብ ሄዱና እጅዎን ይስጡኝ አሏቸው። ድንጋዩና ውኃው የእማሆይን እጅ ሰነጣጥቆት ነበር። እማሆይ ቅቤውን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"መቀባት አያስገድፍም" አሉ አማቴ፤ እጃቸውንም ይዘው ጣት በጣት ቀቧቸው። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

"ነገ አብሹን እኔ እመታለሁ። አመታቱን ያሳዩኝ።"