ጌታሁንና ሃምሳው ሌንስ

ጌታሁን በሶዶ ከተማ የታወቀ ፎቶ አንሺ ነበር፤ እግሩ ግን ሰነፍ ነው። ሠርግ ቤት ሄዶ አንድ ጥግ ይይዝና ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የዙም ሌንሱን ቀለበት ወደ ግራ ሲያዞር ሙሽራዋ ትቀርባለች፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር ሚዜው ሁሉ ይገባል። በዚህ አኳኋን ስምንት ዓመት በልቶበታል፤ ቦርጭም አውጥቶበታል።

ጎረቤቱ ሳሊህ ሬዲዮና ባትሪ ይሸጣል፤ ምላሱ አያርፍም። አንድ ቀን፣ «አንተኮ ፎቶ አንሺ አይደለህም፤ ፎቶ የሚያነሳው ሌንሱ ነው። እስቲ ያለ ዙም አንድ ወር ቆይ!» አለው።

«ወር ምን አላት? ዓመት አድርገው!» አለ ጌታሁን። እልኸኛ ነዋ!

በ2001 የጊፋታ በዓል፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዙሙን ለሳሊህ አስረከበ። የቀረው ሃምሳ የሚባለው ሌንስ ብቻ ነው፤ የማይሳብ፣ የማይለጠጥ። መቅረብም መራቅም የእግር ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ጉድ ፈላ። በሶዶ ጫማው ያልታየ ሰው ፎቶ ተነሳ አይባልም፤ እሱ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ ስላልለመደ የስንቱን እግር ቆረጠ። አንዱ ሙሽራ ፎቶውን መልሶ አምጥቶ፣ «በስንት መከራ የገዛሁት ጫማ የት ገባ?» ብሎ አፋጠጠው። ቀስ በቀስ ግን መራመድ ለመደ። ቀርቦ ሲያነሳ ሰው ያወራዋል፣ ይስቅለታል፤ ሥራው እንደ አዲስ ጣፈጠው።

አንድ ቤት ብቻ ነበር እግሩ የሚፈራው፦ ጉኑኖ ያለው የአማቱ የአቶ ባዳቾ ቤት። ልጃቸውን ትዕዛዝን ያገባት ሽማግሌ ሳይልክ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ነው። አቶ ባዳቾ ልጃቸውን ይቅር አሉ፤ እሱን ግን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «ፎቶ አንሺው» ነው የሚሉት። በየጊፋታው ቤተሰቡን እንዲያነሳ ይጠራል እንጂ ከቤተሰቡ ጋር ቁም ያለው የለም። በዙሙ ዘመን አጥሩ ጋ ሆኖ ያነሳና ውልቅ ይላል። ይህ ነገር አንጀቱን ይበላው ነበር።

የ2002 ጊፋታ ደረሰ፤ ዓመቱ የሚሞላው በዚያው ቀን ማታ ነው። በሳሊህ ሞተር ጉኑኖ ሄዱ፤ ሳሊህ ዙሙን በቦርሳው ይዟል፣ ሊፈትነው። ጌታሁን መጀመሪያ አማቱን ለብቻቸው ሊያነሳ ሁለት እርምጃ ያህል ቀረበ። ኮሌታቸውን ሊያስተካክል ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ለካ ፊትም አለህ!» አሉት። ጌታሁን ላብ በላብ ሆነ።

ቀጥሎ ሠላሳ አራት ሰው በቤቱ ፊት ተሰለፈ። «የሁላችንም ጫማ ይታይ!» ሲሉ አቶ ባዳቾ አዘዙ። ጌታሁን ዓይኑን ካሜራው ላይ እንደተከለ ወደ ኋላ ሄደ። ጫፍና ጫፍ የቆሙት አልገቡም። ጨመረ። እንሰቱ ውስጥ ገባ። ሳሊህ ዙሙን አውጥቶ እያወዛወዘ፣ «ና ውሰድ፣ ማንም አይሰማም!» አለ። ጌታሁን በእልህ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ለበዓሉ ተከፍቶ በቅጠል ብቻ የተሸፈነው፣ ቆጮ የሚብላላበት ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ካሜራውን ግን ወደ ላይ ይዞታል።

«ወይኔ ቆጮው!» ብለው ሴቶቹ ጮኹ። ስለ ሰውየው የጮኸ የለም።

አቶ ባዳቾ ግን ዱላቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። «ጌታሁን! ተጎዳህ እንዴ ልጄ?»

ጌታሁን ሽታውንም እፍረቱንም ረሳ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። የዘረጉለትን ዱላ ይዞ ወጣ።

«ስንት ሆነን ነበር የቆምነው?» ሲሉ ጠየቁ ሽማግሌው።

«ሠላሳ አራት፣ አባባ።»

«እንግዲያው አንድ ጎድለናል። ካሜራውን ለጓደኛህ ስጥና ና።»

ሳሊህ ዙሙን ሊገጥም ሲል ጌታሁን፣ «በሃምሳው!» ብሎ ጮኸበት። ሳሊህ ጉድጓዱን ዞሮ፣ እየተሳደበ ወደ ኋላ ሄደ።

ያ ፎቶ ሶዶ ባለው ፎቶ ቤቱ በትልቁ ፍሬም ተሰቅሎ ነበር። ሠላሳ አምስት ሰው። አቶ ባዳቾ በአንድ እጃቸው አፍንጫቸውን ይዘዋል፣ በሌላው የጌታሁንን ክንድ። የሁሉም ጫማ ይታያል፤ የጌታሁን አንድ እግር ብቻ ባዶ ነው፣ ጫማው ቆጮው ውስጥ ቀርቷል።