ነጩን አትርገጡ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት ለመፈረም ብቻ ነው። ዛሬ ግን ከምሠራበት ሻይ ቤት ፊት ለፊት የአስፋልቱን መሻገሪያ እንደገና ቀለም ሲቀቡት ዋሉ። ሽታው በበሩ ገብቶ የማጥበው ብርጭቆ ላይ ሁሉ ያረፈ መሰለኝ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በቆሰበር መሀል የሚያልፈው መንገድ ተቦርቡሮ፣ ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሁሉ ውኃ ይቋጥር ነበር። ባጃጁም መኪናውም ጉድጓድ ሲሸሽ ሰው ላይ ይወጣል። በኋላ መንገድ ጠጋኞች መጡ። ጠዋት ጠዋት የሬንጁ ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ ያድር ጀመር።

ሥራውን ያገኙልኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። የቀርቀሃ ቅርጫት እየሠሩ ገበያ የሚሸጡ፣ እጃቸው በስንጥር የተቆራረጠ ባልቴት ነበሩ። ፎርማኑ ዘንድ ይዘውኝ ሄደው፣ "ድምፅ የላትም እንጂ እጅ አላት፤ የሆነ ነገር አስይዛት" አሉት። ሳቀና ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ አስያዘኝ። ቀዩን ሳነሣ መኪናው ይቆማል፣ አረንጓዴውን ሳነሣ ያልፋል። ሰው ፊት መናገር እፈራ ስለነበር፣ አፍ ሳይከፈት የሚሠራ ሥራ በመሆኑ ደስ አለኝ።

ጥገናው ሲያልቅ በገበያው መግቢያ ላይ ዜብራ፣ ነጭ የእግረኛ መሻገሪያ ተቀባ። ለእኛ ሰፈር አዲስ ነገር ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ሰው እንዳይረግጠው ፎርማኑ እኔን አቆመኝ።

"ዛሬ ባንዲራ አይበቃም፤ በአፍሽ ነው የምትሠሪው። ጩኺ!"

መጀመሪያ ድምፄ አልወጣ አለኝ። አንድ ገበሬ ፈረሱን እየሳበ ወደ ቀለሙ ሲቀርብ ግን ሳላስበው፣ "ነጩን አትርገጡ!" ብዬ ጮኽሁ። ፈረሱ ደነበረ። ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ይህችም ትጮኻለች ለካ!" አለ አካፋ የያዘው።

እማማ ከማዶ ሆነው፣ "እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ። ቀኑን ሙሉ በአማርኛም በአዊኛም ስጮኽ ዋልሁ። ማታ ጉሮሮዬ ነደደኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ቀለሙ ደርቆ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ያበራል። ሠራተኞቹ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲሄዱ ፎርማኑ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ "ዛሬ ደግሞ በነጩ ላይ ተሻገሩ በያቸው፤ መኪና የሚቆምላቸው እዚያ ላይ ነው" አለኝ።

ሰዉ ግን የትናንቱን አልረሳም። ያልሰማውም ከሰማው እያየ፣ ነጩን ትቶ ወደ መታጠፊያው እየዞረ፣ የሚመጣ መኪና በማይታይበት በኩል ይሻገር ጀመር። የሁሉም ጫማ ጭቃ ነበር፤ ያንን የመሰለ ንጹሕ ነገር በጭቃ መርገጥ ነውር ሆነበት። ትናንት አትርገጡ ብዬ ዛሬ እንዴት ርገጡ ልበል? አንድ ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ወዲያው አንዱ ጎረምሳ፣ "እናንተ፣ ዙሩ! የቀለሙ ባለቤት ልትቆጣ ነው!" አለና ሰዉ ሳቀ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እማማ ቅርጫቶቻቸውን በጀርባቸው አዝለው መጡ። ነጩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የላስቲክ ጫማቸውን ጭቃ አዩ፣ ቀለሙን አዩ፣ ከዚያ እኔን አይተው ፈገግ አሉ። አንድ ነገር አሉኝና ወደ መታጠፊያው ዞሩ። "እማማ፣ በነጩ ይሂዱ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ምላሴ ላይ ቀረ።

የጭነት አይሱዙው ከጥሊሊ ከተማ በኩል ነበር የመጣው። ጥሩንባውንና የፍሬኑን ድምፅ አንድ ላይ ሰማሁ። ነጩ ላይ የደረሱት ቅርጫቶቹ ብቻ ናቸው፤ እየተንከባለሉ።

ለቅሶው ላይ ልጃቸው እጄን ይዞ፣ "በጣም ትወድሽ ነበር" አለኝ። ፎርማኑም መጥቶ ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ "ነግረሻቸው ነበር አይደል?" ሲለኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። አዎን ማለቴ ነበር። ያንንም በአፌ አላልሁትም። ከዚያ በኋላ ባንዲራውን አስረክቤ ወደዚያ ሥራ አልሄድሁም።

አሁን መኪናው ይቆማል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ በነጩ ላይ ይሻገራሉ። ዛሬ ቀለሙን የሚጠብቅ ሰው አላቆሙም፤ ገመድ ነው የወጠሩበት። ገመዱን ሲያነሡ ወጥቼ፣ "ደርቋል፣ በነጩ ተሻገሩ" ልል አስቤ እስከ በሩ ሄድሁ። ብርጭቆ እንደያዝሁ ቆሜ ተመለስሁ።

እማማ ያን ጠዋት ያሉኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጫማቸውን ከአስፋልቱ ዳር ሣር ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ ጭቃው አልለቅ አለ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"አይዞሽ ልጄ፣ አልረግጥብሽም።"