ለእሱ ፉከራ፣ ለእሷ ጠበል

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ አጎቴን ስንቀብር አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «ገዳይ! ገዳይ!» እያለ ፎከረለት። ደሜ ፈላ።

(አጎቴ ሰው ሲገድል የጎረምሳው አባት እንኳ አልተወለደም።)

በስልሳዎቹ መጀመሪያ፣ ቡሬ ገጠር ሳለን፣ አጎቴ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን በመጥረቢያ አንገቱን ፈለጠው። በዓይኔ አይቻለሁ። ደሙን ታጥቦ ገባና «ራት የለም እንዴ?» አለ። ጥርግ አድርጎ በላ።

ሚስቱ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ እህል አልወርድ አላት።

አገሬው እሱን «ዓይኑ እንኳ ያልረጠበ ወንድ!» አለው። እሷን ጋኔን ይዟታል ብሎ አስሮ ጠበል ወሰዳት። ገመዱን የጎተተው እሱ ራሱ ነው።

ዛሬ አፈሩ ሲመለስበት፣ ሚስቱ ዕድሜ ልኳን ሲንቀጠቀጥ የኖረ እጇን ዘረጋችልኝ።

«እይው እስቲ ልጄ፣ መንቀጥቀጡ ተወኝ።»

እስቲ ጻፉልኝ፤ በእናንተ አገርስ ለገዳዩ ሲፎከር የታሰረችው ማን ነበረች?