የዳሚት ያልሆነው መንጋጋ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ሰው ሲስቅብኝ ለምጄዋለሁ፤ ቀድሜ የምስቀውም እኔው ነኝ። ይቺ ግን ሳቄ ካለቀ በኋላም ከውስጤ አልወጣ ስላለች ልጻፋት ብዬ ነው።

የምኖረው ከወገዳ ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ባለቤቴ ካረፈች ቆየች። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው። በስልክ "አባዬ፣ ደህና ነህ?" ይሉኛል፣ "ደህና" እላለሁ፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። የልቤን የማወራው ለበቅሎዬ ለዳሚት ነበር። ጥሩ ጆሮ ነበራት፤ ያውም ረጅም።

የዛሬ አራት ዓመት ክረምት ላይ ከገበያ ስመለስ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሰዎች "እደር" ቢሉኝ "ይሄን ወንዝማ እየዘለልኩት ነው ያደግሁት" ብዬ ገባሁ። ጉራ ነው። መሃል ላይ ስንደርስ ጎርፉ ዳሚትን ከመሬት አነሳት። ገመዷ በእጄ ነው፤ እኔንም ይዛኝ መሄድ ጀመረች። ለቀቅኋት።

ለሰው ግን "ገመዱ ተበጠሰ" አልኩ።

ገመዱን የገመዱልኝ ጎረቤቴ አያ ሞላ ናቸው። አገሩ ሁሉ ከብቱን የሚያስረው በሳቸው ገመድ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ "አያ ሞላ፣ ይሄኛውስ ወንዝ ያሻግራል?" እያሉ ይቀልዱባቸው ጀመር። እሳቸው አንድም ቀን አልመለሱም። እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ከሥራ በኋላ እሳቸው ቤት ተቀምጦ መጫወት ልማዴ ነበር፤ ተውኩት። መጀመሪያ እግሬን አመመኝ አልኩ፣ ቀጥሎ ሥራ በዛብኝ አልኩ፣ በኋላ ምክንያት የሚጠይቀኝም ጠፋ።

የዳሚትን አጥንት እንኳ ባገኝ ብዬ ስንት ቀን ወንዙን ተከትዬ ወረድኩ። ምንም የለም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከማሳዬ አጠገብ ያለው ቦረቦር ተንዶ፣ ከአፈሩ ውስጥ መንጋጋ ብቅ ብሎ አየሁ። ጥርሶቹን ቆጠርኩ፣ መርምሬ አየሁ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ሁሉ ጥርስ እይልኝ ብሎ የሚጠራው እኔን ነው። "ራሷ ናት!" አልኩ። ሳነሳት ከበደችኝ። ሐዘን ነው የከበደኝ ብዬ አለፍኩት።

ቤት ወስጄ መደቡ ላይ አስቀመጥኳት። ስገባ "ዋልሽ?" እላለሁ፤ ስወጣ "መጣሁ" እላለሁ። አንድ ቀን ፊቷ ቁጭ ብዬ "ዳሚት፣ ገመዱ አልተበጠሰም። እኔ ነኝ የለቀቅሁሽ፤ ይቅር በይኝ" አልኳት። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነው። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ጾሙ ሲጋመስ መንገድ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ። ከነሱ አንዷ፣ ወገቧ ላይ መዶሻ የሻጠች ጂኦሎጂስት፣ ውኃ ልትለምን ቤቴ ገባች። ጋሼ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ "አባባ፣ ይሄን የት አገኙት?" አለችኝ።

"የበቅሎዬ ነው፤ ወንዝ ነው የወሰዳት፤ ነፍስ ይማር በይ" አልኳት።

አነሳችው፣ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። እንደ ሸክላ ጮኸ። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በምላሷ ላሰችው!

አማተብኩ። "ኧረ ልጄ! ዐቢይ ጾም ነው፣ አጥንት?"

"አያስገድፍም አባባ። ድንጋይ ሆኗል" አለች እየሳቀች። "ተራ ድንጋይ ምላስ አይዝም። አጥንት የነበረ ድንጋይ ግን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው አንዳንዴ ይይዛል። ይሞክሩት።"

አስቡት እንግዲህ። ድንጋይ ከሆነ ጾሜ ተረፈ፣ ዳሚት ግን የለችም። አጥንት ከሆነ ዳሚት አለች፣ እኔ ግን በዐቢይ ጾም፣ ያውም የበቅሎ አጥንት ላስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መግደፉን ነበር የተመኘሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ላስኩ። ምላሴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

የተሰበረውን ጫፍ አሳየችኝ። ባዶ መሆን የነበረበት ውስጡ ድንጋይ ሞልቶበታል።

"ብዙው እንስሳ ሲሞት ጅብና አሞራ ይበትነዋል፣ የቀረውን ፀሐይና ዝናብ ያደቀዋል" አለች። "አንዳንዱን ግን ሳይበተን ደለል ቶሎ ያለብሰዋል። ሥጋው ይበሰብሳል፣ አጥንቱ ይቀራል። ከዚያ በአፈሩ ውስጥ የሚሰርገው ውኃ ማዕድን እያመጣ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላዋል። መልኩ የአጥንት ነው፣ ነገሩ ድንጋይ።"

"ስንት ዓመት ይፈጃል?"

"ሳይመረመር አላውቅም። ግን ይሄ ከአያትዎ አያት በፊት ነው። የፈረስ ዘመድ ይመስለኛል፤ ምናልባት የሜዳ አህያ።"

ጭነት የሚባል ነገር ቀምሶ የማያውቅ አውሬ! እኔ ደግሞ ስንት ወር "ደከመሽ ወይ?" ስለው ከረምኩ።

"ለመሆኑ በቅሎዋን የወሰዳት ወንዝ የት ነው?" አለችኝ።

"ከቦረቦሩ በታች።"

"ታዲያ ሽቅብ ፈሰሰች?"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ "ታዲያ ይቅርታ የጠየቅሁት ማንን ነው?" አልኩ። ለምኑ ስትለኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንዙን፣ ገመዱን፣ አያ ሞላን።

"ዳሚትን ደለል አልብሷት ከሆነ፣ ከኔም ከእርስዎም አጥንት ይልቅ የሷ ሳይቆይ አይቀርም" አለች። ልታጽናናኝ ነው። ቀጥላም "ገመዱን የሠሩት ሰውዬ ግን አሉ?" አለችኝ።

"አሉ። ከአጥሩ ማዶ።"

መንጋጋውን ያገኘሁበትን ቦታ አሳየኋት፣ ፎቶ አነሳች፤ መንጋጋውንም በኋላ ከወረዳ የባህል ሰዎች መጥተው አስፈርመውኝ ወሰዱት።

እኔ በነጋታው አጥሩን ተሻገርኩ። አያ ሞላ ደጃፋቸው ላይ ቃጫ እየገመዱ ነበር።

"አያ ሞላ፣ ገመዱ አልተበጠሰም" አልኳቸው።

ቀና አላሉም። "አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቁ?"

"ገመድ ቢበጠስ ቁራጩ እጅህ ላይ ይቀር ነበር። አንተ ባዶ እጅህን ነው የመጣህ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብዎ ለምን ዝም አሉ?"

"ወንዙ አንተን አልወሰደህ፣ ይበቃኛል ብዬ ነዋ። እኔን የከፋኝ ገመዱ አይደለም፤ ከዚህ ደጃፍ መቅረትህ ነው።" ከዚያ የቃጫውን ጫፍ ወረወሩልኝ። "በል ያዝ። ይቺን ደግሞ እንዳትለቃት።"

የሚቀጥለው ገበያ ላይ እውነቱን ራሴ ተናገርኩ። አሁን የሚቀለደው በእኔ ነው፤ ይገባኛል።

ከአያ ሞላ ጋር እንጫወታለን፤ ግን እንደ ዳሚት አይሰሙም፣ ጆሯቸው አጭር ነው። ቤቴ ስገባ መደቡ ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። "ዋልሽ?" ልል አፌን እከፍትና እተወዋለሁ። በበጋ ወንዙን ስሻገርም ደለሉን ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው። ከሥሩ ማን እንዳለ አላውቅም።